ቀን የሚሠራውን ማታ ማጥናት የተከለከለው ባለሙያ

በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ ዙሪያ ያሉትን የመብራት ምሰሶዎች ልብ ብላችሁ አይታችኋል? የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ እናማክራለን፣ ከፕሮፖዛል እስከ ዲፌንስ አብረን ነን የሚል ወረቀት ከነስልክ ቁጥሩ የተለጠፈበት አይጠፋም። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ኮዱንም ጽፈው፣ ስላይዱንም አዘጋጅተው የሚያስረክቡ አሉ። ይህ ነገር በተነሳ ቁጥር የሚወቀሰው ተማሪው ነው። ሰነፍ ይባላል፣ ወረቀት ሸማች ይባላል። ወቀሳው ይገባዋል፤ ገዝቶ የተመረቀን ሰው የምከላከልበት ምክንያት የለኝም። ግን ይህ ገበያ ደንበኛ የሚያገኘው ከየት ነው? በኮምፒውተር ሳይንስና በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ በኩል ስናየው፣ ከደንበኞቹ መካከል ቀኑን ሙሉ ሰርቨር ሲጠብቅ፣ ዳታቤዝ ሲጠግን፣ የቅርንጫፍ ኔትወርክ ሲያስተካክል የሚውል ሰው አለ። ሙያውን ያውቀዋል። ታዲያ ስለሚያውቀው ሙያ ጽሑፍ መጻፍ ለምን አቃተው?

የዚህን ሰው ሳምንት አስቡት። ከሥራ 11 ሰዓት ይወጣል፣ 11፡30 ክፍል መገኘት አለበት፣ ከምሽቱ 2፡30 ትምህርት ያልቃል፣ ከዚያ የታክሲ ሰልፍ። ቅዳሜም ክፍል ነው። ሲስተም ከተቋረጠ ደግሞ ፈተና ላይ ሆኖም ይደወልለታል። ያም ሆኖ ኮርሶቹን እንደምንም ይወጣቸዋል፤ ኮርስ የጊዜ ሰሌዳ አለው፣ አብሮት የሚያጠና ጓደኛ አለው። ሰዉ የሚንጠባጠበው ቴሲስ ላይ ነው። ሁለት ዓመት የተባለው ሦስት ይሆናል፣ ሦስቱ አራት። «ኮርስ ጨርሻለሁ፣ ቴሲስ ብቻ ነው የቀረኝ» የሚል ሰው የሌለበት የአይቲ ክፍል ካለ ብርቅ ነው።

አንድ የማውቀው ባለሙያ በአንድ የገንዘብ ተቋም ውስጥ የኔትወርክ ደህንነት ላይ ይሠራል። በየቀኑ የሚያስቸግረው ነገር ሲስተሙ የሚያወጣው የማስጠንቀቂያ ብዛት ነው፤ አብዛኛው የሐሰት ደወል ነው፣ እውነተኛው በመሀል ተቀብሮ ያልፋል። ይህንን እንዴት መለየት እንደሚቻል ማጥናት ፈለገ። አማካሪው ርእሱን ወደዱለት። ዩኒቨርሲቲው «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል የትብብር ደብዳቤ ጻፈለት። ደብዳቤውን ይዞ የሄደው ወደ ራሱ መሥሪያ ቤት ነው። መዝገብ ቤት ገባ፣ ወደ ሕግ ክፍል ተመራ፣ ከሕግ ክፍል ወደ ስጋት አስተዳደር፣ ከዚያ ተመልሶ «የተቋሙ መረጃ ምስጢራዊ በመሆኑ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ይዞ መጣ። ስድስት ወር ሄደ። ልጁ በመጨረሻ የጻፈው በፌስቡክ አስተያየቶች ውስጥ የጥላቻ ንግግርን በማሽን ስለ መለየት ነው። ከዚያ በፊት ቋንቋ ላይ ሠርቶ አያውቅም፤ ከዚያ በኋላም አልነካውም።

ስለ አማርኛ የሚሠራው የኮምፒውተር ጥናት ትርፍ ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ባለውለታ ነው። በአውሮፓውያኑ 1990 በዩኔስኮና በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከተከፈተው የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ጀምሮ፣ የታተመ የአማርኛ ፊደልን በማሽን ማስነበብ፣ የቃል ሥርን መለየት፣ ድምፅን ወደ ጽሑፍ መቀየር የተሞከረው በማስተርስ ተማሪዎች እጅ ነው። ጉዳዩ የገባው ሰው ይሥራበት። ችግሩ የሚመጣው ርእሱ የሚመረጠው አስተያየቶቹ በነፃ ስለሚለቀሙ ብቻ ሲሆን ነው። ዳታው የተገኘበት ቦታ ጥያቄውን ይወስናል ማለት ነው። ለማያውቀውና ለማይፈልገው ጥያቄ መልስ ጻፍ የተባለ፣ ደክሞት የሚገባ ሰው፣ ምሰሶው ላይ ያለውን ስልክ ቁጥር ማየት ይጀምራል።

እስቲ ደግሞ መጋቢት 2016 ዓ.ም.ን አስታውሱ። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በአንድ ሌሊት በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። ባንኩ ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ተናገረ። አገር ምድሩ የተነጋገረው ስለ ተማሪዎቹ ነበር፤ ማን ስንት ወሰደ፣ ማን መለሰ፣ ስምና ፎቶ ይለጠፍ አይለጠፍ። ለሙያው ሰው ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። በሚሊዮኖች የሚጠቀሙበት ሲስተም ላይ ለውጥ ከመደረጉ በፊት የት ይሞከራል? ማን ይፈቅዳል? ነገሩ ሲበላሽ ወደ ነበረበት የሚመልሰው አሠራር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ይህ አንድ ሙሉ ሴሚስተር የሚያስተምር ጉዳይ ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ክስተት የሚገኘው ቴክኒካዊ ትምህርት ግን እዚያው ተቋም ግቢ ውስጥ ይቀራል፤ ሌላው ባንክ ያንኑ ስህተት በራሱ ገንዘብ ይማረዋል።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፣ ኤምፔሳ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ተከተለ፣ በዚያው ዓመት የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ወጣ። ዛሬ ደመወዛችን፣ መታወቂያችን፣ የነዳጅ ክፍያችን ሳይቀር እነዚህ ሲስተሞች ላይ ነው። ከሚያንቀሳቅሷቸው ሰዎች ብዙዎቹ ማታ ማታ የምናገኛቸው ተማሪዎች ናቸው። ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠው እውቀት ከመማሪያ መጽሐፉ የሚበልጥበት ጊዜ አለ፤ ግን ጥቅም ላይ አይውልም።

«ምስጢር ነውኮ» የሚለውን መልስ አከብረዋለሁ። የደንበኛ ሂሳብ የያዘ ተቋም ቢፈራ ያምርበታል። ነገር ግን ነገሩን ተመልከቱት፤ ሰውየው ቀን ላይ በራሱ የይለፍ ቃል ገብቶ የሚያየው መረጃ ነው ማታ ላጥናው ሲል ምስጢር የሚሆነው። መፍትሔ የሌለው ጉዳይም አይደለም። ስምና የሂሳብ ቁጥር ይሸፈናል። ወይም ጥናቱ እዚያው ተቋም ውስጥ ባለ ማሽን ላይ ተሠርቶ የሚወጣው ውጤቱ ብቻ ይሆናል። ወይም እውነተኛውን የሚመስል ሰው ሠራሽ ዳታ ይዘጋጃል። ጽሑፉም ለተወሰኑ ዓመታት ለሕዝብ ሳይለቀቅ ሊቆይ ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ «ሕግ የለም» የሚለውም ሰበብ አይሠራም። የጎደለው ፈርሞ ኃላፊነት የሚወስድ ሥራ አስኪያጅ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ በኩል የሚሰማው መከራከሪያ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ችግር መፍታት ምርምር አይደለም፣ የማማከር ሥራ ነው የሚል ነው። ለዶክትሬት ቢሆን እስማማለሁ። ሥራ ላይ ላለ የማስተርስ ተማሪ ግን ለምን? የአሜሪካው ጆርጂያ ቴክ በ2014 እ.ኤ.አ. የጀመረው በኢንተርኔት የሚሰጥ የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ 10 ኮርስ ነው፤ ቴሲስ ግዴታ አይደለም፤ ብዙዎቹ ተማሪዎቹም ሥራ ያላቸው ናቸው። ዲግሪውን የናቀው የለም። ክፍያው 7,000 ዶላር አካባቢ በመሆኑ እዚያ አገር ርካሽ ይባላል፤ እኛ ዘንድ ግን የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በብር ሂሳቡን የሚሞክረው ሰው ጥቂት ነው። የውጭው በር ስለጠበበ የአገር ቤቱ መስተካከል አለበት።

እኔ የምለው በቴሲስ ፈንታ የተግባር ፕሮጀክት የሚቀበል መንገድ ይከፈት፣ ግን ቀላል አይሁን ነው። ተማሪው ከሥራው በፊት የነበረውን ለክቶ ያሳይ፣ ምን እንደቀየረ ያስረዳ፣ ያልሠራለትንም ይጻፍ። ከፈታኞቹ አንዱ ከሌላ ተቋም የመጣ፣ እጁ ሥራ ላይ ያለ ባለሙያ ይሁን። ይህ ፈታኝ ላፕቶፑን ወደ ተማሪው ገፋ አድርጎ «ግባና አሳየኝ» ሲል፣ የምሰሶው አማካሪ ሊያድነው አይችልም። ሦስት መቶ ዓረፍተ ነገር መሸጥ ይቻላል፤ በራስ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስምንት ወር የተሠራን ሥራ መሸጥ ግን ከባድ ነው።

አሠሪዎችም ከዚህ አያመልጡም። የጋዜጣ የሥራ ማስታወቂያ ገልጣችሁ እዩ፤ ለአንድ የሲስተም አስተዳዳሪ ቦታ «በማስተርስ 6 ዓመት፣ በመጀመሪያ ዲግሪ 8 ዓመት» ዓይነት ነገር ታገኛላችሁ። ሁለት ዓመት የሚፈጅ ትምህርት ሁለት ዓመት ልምድ ይቆጥባል፤ ሂሳቡ ዜሮ ነው። ማንም ምን አጠናህ ብሎ አይጠይቅም፣ ወረቀቱ መኖሩ ይበቃል። አንዳንዱ ተቋም ክፍያውን ይሸፍንና ሠራተኛውን በውል ያስራል፤ ለከፈለበት ትምህርት ግን አንድ የራሱን ችግር እንኳ አይሰጥም። ገንዘብ ከፍሎ ሠራተኛውን የፌስቡክ አስተያየት ሊያስለቅም ይልከዋል።

የሴቶቹ ነገር ደግሞ አለ። 2፡30 ላይ ከክፍል ወጥቶ ትራንስፖርት መጋፋት ለማንም ከባድ ቢሆንም፣ ለሴት ባለሙያ የጨለማው ስጋትና ቤት የሚጠብቃት ሥራ ይጨመርበታል። የፕሮጀክቱ ሥራ በቀን፣ በመሥሪያ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ፣ በሳምንት ግማሽ ቀን ተፈቅዶ ቢሠራ ያለጥርጥር የሚቀንስላት ሸክም አለ። ይህ አዲስ በጀት አይጠይቅም።

መስከረም ላይ ምዝገባ ይጀመራል፤ ሠራተኞችም የድጋፍ ደብዳቤ ለማጻፍ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ይመጣሉ። ደብዳቤውን የምትፈርሙ ኃላፊዎች ከዚህ ቻናል አንባቢዎች መካከል እንዳላችሁ አውቃለሁ። በዚያው ቀን ሁለተኛ ወረቀት አብራችሁ ፈርሙ፦ ተማሪው የትኛውን የመሥሪያ ቤታችሁን ችግር እንደሚያጠና፣ የትኛውን ዳታ በምን ሁኔታ እንደሚያይ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትፈቅዱለት። ዩኒቨርሲቲውም ከአመልካቹ ይህን ወረቀት ይጠይቅ። ሁለት ዓመት ቆይቶ «ለሚመለከተው ሁሉ» ተጽፎ ከመዝገብ ቤት መዝገብ ቤት ከሚንከራተተው ደብዳቤ ይልቅ፣ መጀመሪያ ቀን ስም ተጠቅሶ የተፈረመው አንድ ገጽ ይበልጣል።