ልጅ ያቦካው

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚል የቆየ ምሳሌ አለ። ትርጓሜው ግልጥ ነው። ልጅ ዱቄቱን ይበትናል፤ ውሃውን ያበዛል ወይም ያሳንሳል፤ ስለዚህ የልጅን ሥራ አምኖ የተቀመጠ ሰው ጦሙን ያድራል ማለት ነው። ይህ ቃል ስለ ዛሬ እራት ሲነገር እውነት ነው። ነገር ግን አባትና እናት ቤታቸውን ሁልጊዜ በዚህ ቃል ብቻ ቢያስተዳድሩ እጅግ ይጎዳሉ። ዛሬ ሊጥ ያልነካ ልጅ ነገ አድጎም ማቡካት አያውቅምና።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው በክረምት ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ወቅት ሲከፍሉ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን ያደርጉታል። በዚህ ወራት በደጋው አገር ዝናሙ ይበረታል፤ ጭቃው ይበዛል፤ ትምህርት ቤቶችም ለዕረፍት ይዘጋሉ። ልጆች ከቤት ይውላሉ። እንጨቱ እርጥብ ስለ ሆነ ቤቱ በጢስ ይሞላል። ትንሹ ልጅ ያለቅሳል፤ ትልቁ ይጠይቃል፤ መካከለኛይቱ «እኔም ልሥራ» ትላለች። ያን ጊዜ ሥራ የበዛበት ወላጅ «ወዲያ በል! አርፈህ ተቀመጥ!» ማለት ይቀናዋል። በዚህም ለጥቂት ጊዜ ጸጥታ ያገኛል፤ ረዳቱን ግን ያጣል።

በጎጃም ደጋ የሚኖር የአንድ ገበሬ ቤት ለዚህ ምሳሌ ይሁን። በቤቱ ሦስት ልጆች አሉ። ትልቁ የ9 ዓመት ወንድ ልጅ ነው፤ ተከታይዋ የ6 ዓመት ልጅ ናት፤ ታናሹ ገና 3 ዓመቱ ነው። አያታቸውም ከእነርሱ ጋር ይኖራሉ።

ነሐሴ 12 ቀን፣ የቡሄ ዋዜማ፣ እናት ለሙልሙል ታቦካለች። በማግሥቱ የሰፈሩ ልጆች ጅራፍ እያጮኹ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ይመጣሉና ዳቦ ሊዘጋጅላቸው ይገባል። ልጅቱ «እማዬ፣ እኔም ላቡካ» ትላለች። እናቲቱ እጅዋን አስታጥባ አንድ ጭብጥ ዱቄት በትንሽ ገበቴ ትሰጣታለች። ልጅቱ ውሃውን አብዝታ ታፈስሳለች፤ ሊጡም በጣቶችዋ ላይ ይጣበቃል። እናትዋ ከእጅዋ አትነጥቃትም። «ዱቄት ጨምሪበት፤ እንደገና እሺው» ትላታለች እንጂ። በመጨረሻ ሙልሙሉ ሲጋገር ጠማማ ይሆናል፤ በአንድ ወገንም ያርራል። ታላቅ ወንድምዋ አይቶ «ይህ ዳቦ ነው ወይስ ድንጋይ?» ብሎ ይስቅባታል። ዓይንዋም እንባ ይሞላል።

አባታቸው በዝናም ርሶ ከእርሻ ሲገባ ያን ጠማማ ዳቦ አስቀድሞ ቆርሶ ይበላል። «ውስጡ በስሏል፤ ለሚመጣው ጊዜ እሳቱን ቀንሺ» ይላታል። በዚህ አነጋገር ውስጥ ሁለት መልካም ነገር አለ። አባትየው ያረረውን አላረረም ብሎ በሐሰት አላመሰገናትም፤ ስለ ስሕተትዋም አላሳፈራትም። በሐሰት የተመሰገነ ልጅ አይማርም፤ የተሳቀበት ልጅም ዳግመኛ ሊሞክር ይፈራል። እውነትን በፍቅር የሰማ ልጅ ግን ይሻሻላል።

የሳቀውም ልጅ የራሱ ቀን ይመጣበታል። ከአባቱ ጋር ጤፍ ሊያርም ወርዶ አረሙን ትቶ ጤፉን ይነቅላል። የጤፍ ቡቃያ ቀጭን ነው፤ ሣርም በመካከሉ ሲበቅል ላላወቀ ዓይን አንድ ይመስላል። አባቱ አይቆጣም። አንዱን ጤፍ በቀኙ፣ አንዱን ሣር በግራው አስይዞ ልዩነታቸውን ያሳየዋል። የጠፋው ጤፍ ዐሥር ቡቃያ ነው፤ የተገኘው ግን ለዘመኑ ሁሉ አረምን ከእህል የሚለይ ዓይን ነው። ልጁም ያን ዕለት ማታ የእኅቱን ዳቦ ሳይስቅ ይበላል።

ሥራ ብቻ አይደለም፤ ጥያቄም እንዲሁ ነው። ልጁ ደጁን ሞልቶ የሚወርደውን ቀይ ጎርፍ አይቶ «አባዬ፣ ይህ ውሃ ወዴት ይሄዳል?» ቢል፣ «ዝም በል» የሚለው መልስ አጭር ነው፤ እውነተኛው መልስ ግን ይበልጣል። ጎርፉ ወደ ወንዙ ይገባል፤ ወንዙም ወደ ዓባይ ይወርዳል። ዓባይ በጉባ ወዳለው ወደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይደርሳል፤ ይህም ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓመተ ምሕረት ተመርቋል። ከዚያም ውሃው ወደ ሱዳን ያልፋል፤ በካርቱም ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል፤ በግብፅም አልፎ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል። ጎርፉ የቀላውም የእርሻውን አፈር ስለሚወስድ ነው። ይህን የሰማ ልጅ አባቱ በማሳው ዳር ስለ ምን እርከን እንደሚሠራ ያስተውላል፤ ድንጋይ ለማቀበልም ሳይታዘዝ ይነሣል።

መብረቅ ሲያበራና ነጎድጓድ ሲያስገመግም ትንሹ ልጅ በእናቱ ቀሚስ ይሸሸጋል። እርሱንም «ወንድ ልጅ አይፈራም» ብሎ መገሠጽ አይጠቅምም። ብልጭታው ወዲያው ይታያል፤ ድምፁ ግን በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚሄድ ይዘገያል። ብልጭ ካለ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ 3 ሰከንድ ቢቆጠር መብረቁ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ 9 ቢቆጠር 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ልጆቹ በቤት ተቀምጠው ከእናታቸው ጋር ሲቆጥሩ ቁጥርንም ይማራሉ፤ ፍርሃታቸውም ይቀንሳል። ነጎድጓድ ሲሰማ ግን በዛፍ ሥር መጠለል አደገኛ መሆኑን አብረው ሊማሩ ይገባል።

አንዳንድ ሰዎች፣ «ልጅ በሥራ መካከል ሲገባ ሥራው ይዘገያል፤ አደጋም ያገኘዋል» ይላሉ። ነገራቸው በከፊል እውነት ነው። የፈላ ውሃ፣ የተሳለ ማጭድና ከአቅም በላይ የሆነ ሸክም ለሕፃን አይሰጥም። በክረምት የሞላ ወንዝ ልጅ ብቻውን ሊሻገር ከቶ አይገባም፤ ውሃው ጉልበት የሚደርስ ቢመስልም ሰውን ጠራርጎ ይወስዳልና። የልጅ ሥራም በልኩ መሆን አለበት። እንጨት ማቀበል፣ እንቁላል መሰብሰብ፣ ጥጃ መጠበቅ፣ የበቆሎ እሸት መፈልፈል ለትንሽ እጅ ይበቃል። ስለ መዘግየቱ ግን መልሱ ይህ ነው፤ ዛሬ በልጁ ምክንያት የጠፋው ጊዜ ነገ ልጁ በሚሠራው ሥራ ይከፈላል።

ደግሞም ሥራ ፊደልን ሊያስረሳ አይገባም። በሰኔ ያነበበ ልጅ እስከ መስከረም መጽሐፍ ካልገለጠ ብዙ ይረሳል። በዚያ ቤት ልጁ በየማታው ለአያቱ አንድ ገጽ ያነባል። አያቱ ፊደል አይለዩም፤ ነገር ግን ባነበበው ቃል ሲሳሳት ከነገሩ አካሄድ ያውቁታልና «ልጄ፣ ይህ ነገር አልገጠመልኝም፤ መልሰህ አንብበው» ይሉታል። እርሱም መልሶ ያነባል። ንባቡ ሲያልቅ ደግሞ እርሳቸው ተረት ይነግሩታል። እንዲህ አንዱ ለሌላው መምህር ይሆናል።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፣ የወላጆች ድርሻ እንዲህ ከሆነ የእናንተም ድርሻ አለ። የተሰጣችሁን ትንሽ ሥራ ሳትጨርሱ አትተዉ። ታናሻችሁ ሲሳሳት አትሳቁበት፤ እናንተም ትሳሳታላችሁና። ያልገባችሁን ጠይቁ፤ ነገር ግን ጠያቂ መልሱን ሊያዳምጥ ይገባዋል።

ወላጆችም ሥራው ቢዘገይ አይሰልቹ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውም ምሳሌ የአባቶች ነውና ከፊተኛው ጋር አብሮ ይነገር። ክረምቱ ያልፋል፤ የአደይ አበባ በሜዳው ይፈነዳል፤ ትምህርት ቤቱም ይከፈታል። ያን ጊዜ በአንዱ ቤት ልጁ ተቆጥቶና ሥራ ፈትቶ የከረመ ሆኖ ይገኛል፤ በሌላው ቤት ግን አረምን የሚለይ፣ ሊጥ የሚያሽ፣ ለአያቱ የሚያነብ ልጅ ይገኛል። ልጅ ያቦካው ለዛሬ እራት ባይበቃም፣ ያ ልጅ ሲያድግ ለወላጆቹ እርጅና እንጀራ የሚያቀርበው ይኸው ዛሬ የተማረው እጅ ነው።