ማሰርና መፍታት

«ማዕቀብ ይክበድ እንጂ ድርድር ከንቱ ነው» ለሚሉ ሰዎች አንድ ጥያቄ አለን፤ የማይፈታ ማሰሪያ ማንን ይገራል?

ኢራን በአውሮጳ አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. በቪዬና በተደረገው ስምምነት ዩራኒየም ከ3.67 በመቶ በላይ እንዳታበለጽግ ቃል ገባች፤ የዓለም አቀፉ የአቶም ኃይል ድርጅት ተቆጣጣሪዎችም ቃሏን መጠበቋን ደጋግመው መሰከሩ። በ2018 ግን ውሉን ያፈረሰችው ታሳሪዪቱ ሳትኾን አሳሪዪቱ አሜሪካ ነበረች፤ የፈታችውን ማዕቀብ መልሳ አጠበቀችው። ትርፉስ ምን ኾነ? በ2021 ማበልጸጉ 60 በመቶ ደረሰ።

የቴህራንን መንግሥት ንጹሕ ነው አንልም። ነገር ግን የማዕቀብ ኃይል በማሰሩ ብቻ አይደለም፤ ለታዘዘ እንደሚፈታ በመታመኑ ነው። ቃሉን ያጠፈ አሳሪ ገመዱን በገዛ እጁ ይበጥሳል፤ ከዚያም በ2025 እንደታየው፣ የሚቀርለት ቦምብ ብቻ ይኾናል።