ከጋፋት አገር ለመጣው ተማሪ ማን ይድረስለት?

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ኮምፒዩተር ምን አግብቶት ይጽፋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናውን ሁላችንም ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠን ስለምንፈተን፥ ነገሩ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የዛሬው አሳቤ ግን በተለይ ከደቡብ ጎንደር፥ ከእብናትም ሆነ ከስማዳ፥ ከወንዛዬም ሆነ ከጋይንት ተነሥተው ወደ ቴክኖሎጂ ትምህርት ስለሚገቡት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ነው።

እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ። ከእነዚህ ተማሪዎች ብዙዎቹ ኮምፒዩተር በእጃቸው የሚነኩት እዚህ ግቢ ከገቡ በኋላ ነው። መምህሩ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ያስኬደዋል፤ ከከተማ የመጣው ቀድሞ ያውቀዋልና ዘና ብሎ ይከታተላል፤ የገጠሩ ልጅ ግን «ፋይል» የሚባለው ነገር የት እንደሚቀመጥ ለመጠየቅ እንኳ ያፍራል። ሳይጠይቅ መንፈቁ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ክፍል ለውጡልኝ ብሎ ወደ እኛ ፋኩልቲ ይመጣል። መምጣቱን አልጠላም፤ ወድዶ ሳይሆን ተሸንፎ መምጣቱን ግን እጠላለሁ። ይባስ ብሎም «የዚያ አገር ልጅ ለማሽን አልተፈጠረም» ይባልበታል።

እንዲህ ለሚሉት ጋፋትን ላስታውሳቸው። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በዚህች መንደር ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎችንና ያገር ሰዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠሩ። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ይህ መድፍ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ወጣ፤ ዛሬም እዚያው አለ። ንጉሡ በዚያው ዓመት ሲሞቱ አውሮፓውያኑ አገር ለቀው ሄዱ፤ የጋፋትም ምድጃ ጠፋ። ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ እያለ በሚሸሽ ሕዝብ መካከል ሙያውን ማን ተረክቦ ያስፋፋው?

ብቻቸውን ላለመቅረት የቆረጡ ያገራችን ልጆች በቅርቡ ታይተዋል። አዲስ አበባ የተወለዱት ዶክተር ትምኒት ገብሩና ዶክተር ረድኤት አበበ እ.ኤ.አ. በ2017 «ብላክ ኢን ኤአይ» የተባለውን ማኅበር ከሌሎች ጋር መሠረቱ። ከዚያ በፊት ዶክተር ትምኒት በሺህ የሚቆጠሩ ሊቃውንት በተገኙበት የሰው ሠራሽ አእምሮ ጉባኤ ላይ ጥቁሮቹን ቢቆጥሩ ከጣት ቁጥር አላለፉላቸውም ነበር። በዓመቱ የላቲን አሜሪካ ተወላጆችም ለራሳቸው እንዲሁ ያለ ማኅበር አቋቋሙ። ቪዛ እየተከለከሉ የሚቀሩት አፍሪካውያን ነገር ስለ ተነሣም፥ «አይ.ሲ.ኤል.አር.» የተባለው ታላቅ ጉባኤ የ2020ውን ስብሰባ አዲስ አበባ ላይ ለማድረግ ወሰነ። (ኮሮና መጣና በኢንተርኔት ብቻ ሆነ እንጂ!)

የእኛ ጉዳይ ከዚህ ያነሰ ነው፤ ቪዛም አይጠይቅም። የተማሪዎች ማኅበር ከከፍተኛ ዓመት የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ፈቃደኞችን መርጦ፥ አዲስ ገቢዎችን በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት ቅዳሜ ቅዳሜ በአማርኛ ያስጠናቸው። የኮምፒዩተሩ ክፍል በአሥራ አንድ ሰዓት መዘጋቱ ቀርቶ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት እንዲከፈት ዲኑን ይጠይቅ፤ እኅቶቻችን ወደ ማደሪያቸው የሚመለሱበትም መንገድ መብራት ይግባለት። ጥናቱም በኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለ አይሁን፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ያየነው ይበቃናል።

ማኅበሩ ለእግር ኳሱ ዋንጫ ገንዘብ አላጣም። ለዚህ አጣሁ የሚል ከሆነ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ሒሳቡን ዘርዝሮ እንዲያሳየን እንጠይቀዋለን።