ያልታጠፈ ጉልበት

«ቶይ ቢዝ» የተባለው የአሜሪካ መጫወቻ አምራች እ.ኤ.አ. በ2002 «ማርቭል ሌጀንድስ» የተባሉትን የኮሚክ ጀግኖች ምስሎች ገበያ ላይ ሲያውል የተመካው በጀግኖቹ መልክ ብቻ አልነበረም። ስድስት ኢንች በሚሆን ገላ ላይ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ሠላሳ ያህል መጋጠሚያ አበጅቶ ነበር። ይህን ገዝቶ ከነማሸጊያው ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ጎልማሳ ታዲያ «እውነተኛ ሰብሳቢ» ይባላል፤ የከፈተው እንዳበላሸ ይቆጠራል። እኔን ከጠየቃችሁ ያበላሸው የሰቀለው ነው። ክራር ገዝቶ ከነከረጢቱ ያስቀመጠን ሰው ደርዳሪ የሚለው የለም።

እንዲህ ያሉ ምስሎች የሚጠሩበት «አክሽን ፊገር» የሚለው ስም ራሱ የተፈለሰፈው ሃስብሮ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 «ጂ.አይ. ጆ» የተባለውን የወታደር ምስል ሲያወጣ፣ ወንድ ልጅ አሻንጉሊት አይገዛም ተብሎ ስለተሰጋ ነው። ከአሻንጉሊት የሚለየው እንቅስቃሴው ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ቶይ ቢዝ በአሜሪካ ዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤት ተከራክሮ የኤክስ-ሜን፣ ማለትም ልዩ ኃይል ይዘው የተወለዱት የማርቭል ጀግኖች፣ ምስሎች አሻንጉሊት ሳይሆኑ መጫወቻ ናቸው አስባለ። አሻንጉሊት 12 በመቶ፣ መጫወቻ 6.8 በመቶ ይቀረጥ ነበርና። በቀረጥ ሕጉ አሻንጉሊት የሚባለው ሰውን የሚመስለው ብቻ ስለነበር ክርክሩ «እነዚህ ሰዎች አይደሉም» የሚል ነበር፤ የኤክስ-ሜን ታሪክ ግን ለአርባ ዓመት የሰበከው «እኛም ሰዎች ነን» የሚለውን ነው! ያም ሆነ ይህ ነጋዴው እንኳ መጫወቻ ነው ብሎ አስፈርዷል። በአማርኛማ ፍርድ ቤት መሄድም አያስፈልግ፤ መጫወቻ ማለት የሚጫወቱበት ነው።

«ዋጋው ይጨምራል» ይሉኛል። ሜጎ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሠራቸው ጀግኖች የተወደዱት ልጆች ልብሳቸውን ስለቀደዱ፣ እጃቸውን ስለገነጠሉ፣ እናቶችም ቤት ሲያጸዱ ስለጣሏቸው ነው። ብርቅ ያደረጋቸው ጨዋታ ነው። ዛሬ ሁሉም ሰው አሽጎ ካስቀመጠ ከሃያ ዓመት በኋላ ማን ያጣና ነው ከማን የሚገዛው? እ.ኤ.አ. በ1992 የሱፐርማን ሞት የተተረከበት መጽሔት በጥቁር ፕላስቲክ ታሽጎ በሚሊዮኖች ሲሸጥ፣ ብዙዎች የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ ይከፍልልኛል ብለው ሳይከፍቱ አስቀመጡት። ሁሉም ስላስቀመጠው ዛሬም በርካሽ ይገኛል።

ይበልጥ የሚያስቀኝ ጋላክተስ ነው። ቶይ ቢዝ እ.ኤ.አ. በ2005 የዚህን ግዙፍ የማርቭል ፍጡር ምስል ከፋፍሎ፣ በአንዱ ጀግና ማሸጊያ እግሩን፣ በሌላው ጭንቅላቱን ከተተ። ሁሉንም የገዛ ገጣጥሞ ያቆመዋል። ማሸጊያ የማይከፍተው ሰብሳቢ ግን ሙሉውን ዋጋ ከፍሎ፣ ብልቱ በየፊናው የተበተነ ጋላክተስ ባለቤት ነው። ይህን «ሙሉ ስብስብ» ይለዋል።

በገንዘቡ የፈለገውን ማድረግ መብቱ ነው፤ አልከራከርም። ግን ጠበቅሁት የሚለውም ነገር እየጠበቀው አይደለም። ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ኬሚካል ከዓመታት በኋላ ወደ ላይ እየወጣ ገላውን ሊያጣብቀው ይችላል፤ ያልተነካ መጋጠሚያም ይደርቃል።

ስለዚህ መቀስ አንሡ። ጉልበቱ እምቢ ካለ በግድ አታጥፉት፤ ይሰበራል። ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆዩትና ቀስ እያላችሁ አላምዱት።