ኢሞቢላይዘርና የዘበኛ መዋጮ



አንዳንድ ባለ መኪናዎች «የእኔ መኪና ኢሞቢላይዘር አለው፤ ለሌሊት ዘበኛ የማዋጣው ለምንድነው?» ሲሉ እንሰማለን። በዚህ አንስማማም።

መሣሪያው ጥሩ ለመሆኑ ክርክር የለንም። በቁልፉ እጀታ ውስጥ ትንሽ ቺፕ አለ። ሞተር ለማስነሣት ሲሞከር የመኪናው ኮምፒዩተር የቺፑን ምሥጢር ቁጥር ይጠይቃል፤ ካላወቀው ሞተሩ ሥራ እንዳይጀምር ያግዳል። ሽቦ አገናኝቶ መንዳት አይቻልም። የአውሮፓ ኅብረት ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዳዲስ የቤት መኪናዎች ግዴታ አድርጎታል። በአሜሪካ ግን ከ2011 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. የተሠሩ ብዙ ኪያና ሂዩንዳይ መኪናዎች መሣሪያው ስላልነበራቸው የወጣት ሌቦች መጫወቻ ሆነው ነበር።

ታዲያ ኢሞቢላይዘር የሚጠብቀው ሞተሩን ብቻ ነው እኮ! ስፖኪዮ ሲነቀል፣ ባትሪ ሲወሰድ፣ ጎማ ሲፈታ ምን ያደርጋል? ቁልፉ ሌባ እጅ ከገባም ሌባውን ከባለቤቱ አይለይም። ደግሞስ የጎረቤታችን አሮጌ ላዳና ዲኤክስ ኢሞቢላይዘር ከየት ያምጡ? ከአንዳችን በር የተመለሰ ሌባ የሚሄደው ወደ ሌላው በር ነው።

ስለሆነም፦
- ቁልፍ መኪና ላይ ትታችሁ አትውረዱ፤ ለማያውቁት ሰውም አትስጡ።
- መሣሪያው የሌላችሁ የመሪ መቆለፊያ ግዙ።
- መኪና ያለንም የሌለንም የዘበኛውን መዋጮ በወቅቱ እንክፈል። ሌሊቱን ሙሉ በብርድ ቆሞ የሚያድረው ለሁላችንም ነው።