ዲግሪና መሮ

ዲግሪ ያለው ሰው ድንጋይ ሲጠርብ መታየቱ በኢትዮጵያ ከተሞች ብርቅ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ጥረባ ማለት ድንጋይን በመሮና በመዶሻ እየመቱ ጎኑ አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ኩብ ማድረግ ሲሆን፣ ኩቡ በአሸዋ ላይ ተደርድሮ ሲጠቀጠቅ «ኮብልስቶን» የሚባለው መንገድ ይሆናል፤ ሥራው በየከተማው ሲስፋፋ በማኅበር ተደራጅተው ከተሰማሩበት ወጣቶች መካከል የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ነበሩ፣ የሕዝቡ ክርክር ግን «ተምሮ ለምን ወረደ?» ከሚለው ጥያቄ አላለፈም።

«ወረደ» የሚለው ቃል የቆየ ዕዳ አለበት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ብረት ሠሪውን «ጠይብ» እያሉ መስደብን የከለከሉት፣ ስድቡ ባለሙያውን ከሙያው የሚያሸሽ በመሆኑ ነው፤ ዛሬ ስድቡ ወደ ሐዘኔታ ተለውጧል፣ ከጨዋነቱ በቀር ግን ልዩነቱ ብዙም አይታይም።

ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ምሩቁ በሙያው ሠላሳ ዓመት እንዲቆይ ምን ያስፈልገዋል የሚለው ነው። ድንጋይ በየት በኩል እንደሚሰነጠቅ በዓይን መለየት የሚቻለው ከዓመታት ልምድ በኋላ ሲሆን፣ በዚያው ዘመን ብናኙ ሳንባን፣ ጎንበስ ማለቱ ወገብንና ጉልበትን እየጎዳ ስለሚሄድ፣ ጠራቢው በአርባዎቹ ዕድሜው ከመዶሻው ወደ ቁጥጥር፣ ወደ ዋጋ ስሌትና ወደ ጨረታ ሰነድ መሸጋገር ይኖርበታል። በሒሳብ አያያዝ ወይም በምሕንድስና የተመረቀ ሰው የተማረው ትምህርት ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው፤ ባከነ የተባለው ዲግሪ ጊዜውን ሲጠብቅ የቆየ ነው ማለት ይቻላል።

መሸጋገሪያው ግን ጠባብ ነው። «ሲኦሲ» በሚባለው የብቃት ምዘና የሚገኘው የሙያ ደረጃ የእጅ ሥራን ሲመዝን ዲግሪውን አይቆጥርም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሕግም፣ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡበት፣ የጡረታ አበል ለማግኘትም ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት የሚጠይቅ በመሆኑ፣ በጠረበው ድንጋይ ቁጥር ለሚከፈለውና መንገዱ ሲያልቅ ማኅበሩ ለሚበተንበት ሠራተኛ የሚደርሰው ጥቂት ነው።

መንገድ የሚያሠሩ ከተሞች የጡረታ መዋጮንና የደረጃ ዕድገትን በውላቸው እስካላስገቡ ድረስ፣ ምሩቁ መሮውን የሚይዘው የቢሮ ሥራ እስኪያገኝ ብቻ ይሆናል።