የነጻነት ወረቀት የማን ነው?

በዋሽንግተን የሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ አሜሪካ አመሠራረት ዐውደ ርዕይ ከፍቶ ነበር። ከቀረቡት ሰነዶች አንዱ ቶማስ ጄፈርሰን በ1776 በእጁ የጻፈው የነጻነት አዋጅ ረቂቅ ነው። የሰው ልጆችን እኩልነት ያወጀ ጽሑፍ ነውና የሚያደንቀው ሰው አይፈረድበትም። ባርነትን የተቃወሙ ሰዎች በኋላ የተሟገቱት በዚሁ አዋጅ ነው።

ግን ረቂቁን ልብ ብለህ ተመልከተው። የባሪያ ንግድን የሚያወግዝ አንቀጽ ነበረበት፤ ኮንግረሱ ሰርዞ ጣለው። አውጋዡ ጄፈርሰን ራሱስ? በሕይወት ዘመኑ ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዟል! በፊላደልፊያ ተቀምጦ አዋጁን ሲጽፍ እንኳ የሚያገለግለው ሮበርት ሄሚንግስ የሚባል ልጅ እግር ባሪያው ነበር።

ይኸው ቤተ መጻሕፍት በ2017 ሌላ ሰነድ በእጁ አስገባ፤ ዑመር ኢብን ሰዒድ በ1831 በሰሜን ካሮላይና በዐረብኛ የጻፈውን የሕይወት ታሪክ። ዑመር ዛሬ ሴኔጋል በምትባለው ምድር ለ25 ዓመታት ያህል ዒልም የቀሰመ ሰው ነበር። በ1807 በመርከብ ተጭኖ ተሸጠ። ከጨካኝ ጌታው አምልጦ ሲያዝ የእስር ቤቱን ግድግዳ በዐረብኛ ጽሑፍ ሞላው ይባላል። ክርስትና ተነሥቷል ተብሎም ተጽፎለታል፤ ልቡን የሚያውቀው አላህ ነው። የሕይወት ታሪኩን ግን የጀመረው በሱረቱል ሙልክ ነው። ሙልክ የአላህ መሆኑን በምትናገረው ሱራ! ሌላ ሰው "የእኔ ንብረት ነው" የሚለው ባሪያ ይህችን ሱራ የመረጠው እንዲያው በአጋጣሚ ይመስልሃል? ነጻነቱን በእጁ ሳያስገባ ሞተ።

እኔ የምለው እነዚህ ሁለት ወረቀቶች በአንድ መስታወት ሥር ጎን ለጎን ይቀመጡ ነው። አንዱ "የአገር መሠረት"፣ ሌላው "የጥቁሮች ታሪክ" ተብሎ በየፊናው ከተደረደረ፣ ጎብኚው ነጻነትን ጌቶች ለባሪያዎች የቸሩት ስጦታ አድርጎ ይወጣል።

አንተም ወንድሜ፣ በአሜሪካኖች ብቻ አትፍረድ። በምፅዋና በታጁራ በኩል ሰው ሲሸጡ ከኖሩት ነጋዴዎች ብዙዎቹ እየሰገዱ፣ እየጾሙ የሚሸጡ ነበሩ። የቢላልን (ረ.ዐ.) ታሪክ በኩራት እንተርካለን። የእነዚያን ሰዎች ስም ግን የት ጽፈን አስቀመጥነው?